አስቴር ጃለታ እና ከጎን የተነሳው ፎቶ

አስቴር ማረፏን የሰማሁት ነቀምት አጠገብ ጉቴ ላይ፣ የሰው ሠርግ ተጠርቼ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ነው። አጠገቤ የነበረው ሰው ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ወደ እኔ ዞሮ፣ «የፊዚክሷ አስቴር ጊምቢ ላይ አረፈች አሉ» አለኝ። የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ማልቀስ ነበረብኝ። ቀድሞ የመጣብኝ ግን ሳቅ ነው፤ ምክንያቱም በዓይኔ የታየችኝ ነቀምት ገበያ መሀል፣ ጃንጥላዋን በብብቷ ይዛ፣ የቲማቲም ክምር ስትዞር ነው።

አስቴር ምንም ነገር ሳትዞረው አትገዛም ነበር። ነጋዴዎቹ ያውቋታል። አንዷ ባለቲማቲም ሁልጊዜ፣ «አዴ አስቴር፣ ቲማቲም ነው እኮ! ለልጅሽ የምታጪው ሙሽራ አደረግሽው» ትላታለች። አስቴርም ጎንበስ ብላ፣ «ቆንጆ ፊቱን ወደ እኔ ያዞርሽው አንቺ ነሽ። እኔ ደግሞ ጀርባውንም ‹አካም ጅርታ?› ልበለው እንጂ፤ ሰላምታ ይከለከላል?» ትላታለች። የገበያው ሰው ይስቃል። ጀርባው የበሰበሰው ቲማቲም ግን ከክምሩ ይወጣል።

አንድ ትምህርት ቤት ነበር የምናስተምረው፤ እሷ ፊዚክስ፣ እኔ ጂኦግራፊ። አጭር ናት፤ ፈጣን ናት፤ የመነጽሯ አንዱ ጆሮ ተሰብሮ በክር የታሰረ ነው። እኔን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ «ኦቦሌሳ» ነው የምትለኝ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው። አማርኛዋ የወለጋ አማርኛ ነው፤ ሲከፋት በኦሮምኛ ትጀምርና ሲያስቃት በአማርኛ ትጨርሳለች። አባቷ ዲጋ ላይ የጴንጤ ቄስ ነበሩ። ያን ጊዜ፣ በአብዮቱ ዘመን፣ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያኖች በየቦታው እየተዘጉ ስለነበር፣ የቄስ ልጅ መሆን ብቻውን የሰውን ስም በክፉ ያስነሳ ነበር። እሷ ግን መዝሙሯን መንገድ ላይ እየሄደች በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። ዜማውን ስለማትጠብቅ ምን እንደምትዘምር ማንም አያውቅባትም፤ ያዳናት ይኸው ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስትማር አንድ መምህሯ ሊጣሉ የነበሩ አሮጌ የሰማይ ፎቶዎች ሰጥተዋት ኖሯል። ነቀምት ስትመደብ ፎቶዎቹን በእንጨት ሳጥን ይዛቸው መጣች። በየፎቶው ላይ ጋላክሲዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ነጭ ጭረት፣ እያንዳንዱ የደበዘዘ ነጥብ፣ ቢሊዮን ፀሐዮች በአንድነት የሚኖሩበት መንደር ነው። በእነሱ የተነሳ የከዋክብት ክበብ አቋቋመች። ክበቡ የሚሰበሰበው ቅዳሜ ጠዋት፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ሰው ሁሉ ይስቅባት ነበር። «ምን ላድርግ?» ትላለች፣ «ሰዓት እላፊ አለብን። ፎቶ ግን ሰዓት እላፊ አያውቅም።»

እንዲህ ሆነን ሳለን ነው የጋሽ ናስር ነገር የመጣው።

ጋሽ ናስር ባኬ ጃማ ሰፈር ሱቅ ያለው ጉራጌ ነበር። ከሚስማር እስከ ሻይ ቅጠል ከእሱ ሱቅ አይጠፋም። የአብዮት በዓል ሲደርስ የሰፈሩን ሰው ሰልፍ እንዲያስወጣ ኃላፊነቱን ለእሱ ሰጡት። ወዶ አልነበረም፤ ግን ከተሰጠው ወዲያ ቤት ለቤት እየዞረ፣ እየለመነ፣ እየቀለደ፣ ጭቃውን ረግጦ ሰዉን ሜዳ ላይ አደረሰው። እኔም አስቴርም ተማሪዎቻችንን ይዘን እዚያው ነበርን። ሁሉም ሰው መፈክር የተጻፈበት ቀይ ሰሌዳ ተሸክሟል። ሰልፉ አለቀ፤ ሰው ወደ ቤቱ ገባ፤ ነገሩም ያለቀ መሰለን።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አንድ አዲስ ካድሬ መጣ። ጓድ ታደሰ ይባላል፤ ከሸዋ የመጣ ወጣት ነው፤ ካኪው የተተኮሰ፣ ፊቱም አብሮ የተተኮሰ የሚመስል። የአምናውንና የዘንድሮውን የሰልፍ ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጦ አየና ደነገጠ። የአምናው ሜዳው እስኪጠብ በሰሌዳ የተሞላ ነው፤ የዘንድሮው ሳሳ ያለ። «ንቅናቄው ማደግ ሲገባው ቀንሷል» አለ። የሰው ፊት በፎቶው ላይ ከዳጉሳ አይበልጥም፤ ስለዚህ የገመተው በሰሌዳዎቹ ነው። ጋሽ ናስርን አስጠርቶ፣ ሆን ብለህ ሰው አስቀርተሃል ብሎ ቀበሌ አሳሰረው። እኔ ደግሞ የካርታ ሰው ነህ ተብዬ፣ ሁለቱን ፎቶዎች ለክቼ መቀነሱን አረጋግጬ እንድፈርም ተሰጠኝ።

ፎቶዎቹን ይዤ መምህራን ክፍል ስገባ የጋሽ ናስር ሚስት፣ እትዬ ዘይነባ፣ አስቴር ፊት ቆማ ታለቅሳለች።

«አስቴርዬ፣ ምን አርግ ነው የሚሉት? ሱቁን ዘግቶ፣ የታመመች እህቱን ሳይቀር ደግፎ ነው የወጣው! እግዜርም አላህም ያየው ሰልፍ ነው!»

አስቴር እጇን ይዛ አስቀመጠቻት። ቀጥሎ ፎቶዎቹን ከእጄ ወስዳ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና ጠረጴዛውን መዞር ጀመረች። አንገቷን ወደ ቀኝ ሰበር፣ ወደ ግራ ሰበር።

«ኦቦሌሳ፣ ይሄ የዘንድሮው ከየት ነው የተነሳው?»

«ከሜዳው ነዋ።»

«ሜዳውማ ሜዳ ነው። ፎቶ አንሺው የት ቆሞ ነው?»

አላውቅም ነበር። ወዲያው ጃንጥላዋን አነሳች፤ ወደ ፎቶ ቤት ሄድን። ፎቶ አንሺው ገረመው ነገሩ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ብሶቱን ዘረገፈው። «አምና መድረክ ላይ ቆሜ ነው ያነሳሁት። ዘንድሮ መድረኩ ለእንግዶች ነው ብለው አባረሩኝ። ምን ላርግ? ከጎን ያለው መጋዘን ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ሱሪዬም ቆርቆሮ ላይ ተቀደደ!»

አስቴር ሁለት እጇን አጨበጨበች። «ያ ዋቃዮ! አምላኬ! ለሱሪህ ነፍስ ይማር፤ ሰው አዳነ!»

መንገድ ላይ ነገሩን አስረዳችኝ። ሰልፈኛው ሁሉ ሰሌዳውን ያዞረው ወደ መድረኩ ነው። መድረክ ላይ ለቆመ ሰው እያንዳንዱ ሰሌዳ ሙሉ ፊቱን ይሰጠዋል፤ ሜዳው ጢም ያለ ይመስላል። ከጎን ላየው ግን ያው ሰሌዳ ቀጭን እንጨት ነው፤ ብዙው ጭራሽ አይታይም።

«ለጓድ ታደሰ ሄጄ ልንገረው» አለች።

ፈራሁ። «አስቴር፣ የአንቺና የአባትሽ ስም እዚያ ቢሮ በደህና አይነሳም። እኔ ልናገር።»

«አንተ ብትነግረው ይሰማሃል፤ እኔ ባሳየው ግን ያያል» አለችና ሄደች። ምን ብላ እንዳሳመነችው እስከ ዛሬ አላውቅም። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ጓድ ታደሰ፣ ካኪውን ለብሶ፣ ከትምህርት ቤታችን ሜዳ ዳር ቆመ።

ተማሪዎቹን ከበዓሉ የተረፉትን ሰሌዳዎች አስይዛ፣ እንደ ሰልፉ ቀን አሰልፋቸዋለች። «ጓድ፣ እዚህ ፊት ለፊት ይቁሙ» አለችው። ቆመ። «ብዙ ነው ወይስ ጥቂት?»

«ብዙ ነው።»

«ቶሌ፣ እሺ። አሁን ይከተሉኝ። እናንተ ልጆች፣ ማንም ንቅንቅ እንዳይል!»

ጭቃውን እየዘለለች ወደ ሜዳው ጎን ወሰደችው። እኔም ከኋላ አለሁ። ጓድ ታደሰ ቀና ብሎ አየና ቆመ። ቀይ የነበረው ሜዳ ጠፍቷል፤ የቀረው የእንጨት ጫካ ነው። ሳያስበው ተመልሶ ወደ ፊት ሄደ፤ አየ። ወደ ጎን መጣ፤ አየ። ሦስተኛውን ጊዜ ሲመላለስ ተማሪዎቹ መሳቅ ጀመሩ። ይቆጣል አልኩ። እሱ ግን ፈገግ አለ፤ ነቀምት ከመጣ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው።

«እንደ ፈለጋቸው ቢዞሩስ?» ብሎ ጠየቃት።

አስቴር በደስታ ልትፈነዳ ደረሰች። «እናንተ! እንደ ፈለጋችሁ ዙሩ!» ልጆቹ ተሽከረከሩ፤ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ። አሁን ከፊትም ከጎንም ሲታይ ሜዳው ያው ሆነ። «አዩ ጓድ? እንደየፈቃዳቸው ቢዞሩ ኖሮ የገረመው ፎቶ አያሳስተንም ነበር። ችግሩ ሁሉንም የሚያዞራቸው አንድ ነገር መሆኑ ነው። የተሰበሰቡበት ነገር ራሱ ነው የሚያዞራቸው።»

ጓድ ታደሰ ሰሌዳዎቹን በዓይኑ ዞረ። ከዚያ እኔ የፈራሁትን ጥያቄ አመጣ። «እንግዲያው ሕዝቡ ከአምናው ጨምሯል ማለት ነው?»

እኔ በልቤ «ጨምሯል በይ! ባክሽ ጨምሯል በይ!» እላለሁ። አንዲት ቃል ናት። እሷን ብትል ናስር ይፈታል፣ ካድሬው ይደሰታል፣ ሁላችንም ወደ ቤታችን እንሄዳለን።

«አላውቅም» አለች አስቴር።

«እንዴት አታውቂም?»

«ይሄ ፎቶ ‹ቀነሰ› ማለት አይችልም። ‹ጨመረ› ማለትም አይችልም። ጋሽ ናስር ለፍቶ ሰው ማውጣቱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሱን እመሰክራለሁ። ቁጥሩን ግን ዋሽቼ ልንገርዎት?»

«አለቆቼ ዘንድ ‹አላውቅም› ብዬ ልጻፍ ነው?»

«‹ሁለቱ ፎቶዎች አይወዳደሩም› ብለው ይጻፉ። ለከርሞ ገረመውን መድረክ ላይ ያቁሙት። ያኔ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።»

በዚያ ዘመን ካድሬ ሲታረም ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም። ጓድ ታደሰ ከአንዷ ተማሪ እጅ ሰሌዳ ወሰደና እሱ ራሱ ያዞረው ጀመር፤ ፊት፣ ጠርዝ፣ ፊት፣ ጠርዝ። «በዚህ ነገር ሰው አስሬ ነበር» አለ ቀስ ብሎ፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሱ። ሰሌዳውን መልሶ ወደ ቀበሌው ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ናስር ጢሙ ያደገ፣ ኮቱ የተጨማደደ፣ አንድ ካርቶን ከረሜላ ተሸክሞ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረሰ። ልጆቹ ከበቡት። «አስቴር፣ ምን ብለሽ እንዳስፈታሽኝ ሰው ቢያስረዳኝም አልገባኝም» አለ። «እኔ ግን ከዛሬ ወዲያ ፎቶ አንሺ ሳይ ፊት ለፊቱ ሄጄ ነው የምቆመው!» እትዬ ዘይነባ አጠገቡ ቆማ እየሳቀች ዓይኗን ትጠርጋለች።

ለእኔ ታሪኩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ለአስቴር ግን መጀመሩ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ክበቡ ስገባ ፎቶዎቿን ሁሉ ዘርግታ ጠረጴዛውን እየዞረች አገኘኋት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋላክሲዎች እንደ ተዘራ ጤፍ ዝም ብለው የተበተኑ አይደሉም፣ ኦቦሌሳ» አለችኝ። «ስበት ይጠራቸዋል። አንዱ ቦታ ይሰበሰባሉ፣ ሌላው ቦታ ባዶ ይቀራል። ስብስቡ በምን ፍጥነት እያደገ እንደመጣ ካወቅን፣ ይሄ ሁሉ ዓለም እንዴት እንደተሠራ አወቅን ማለት ነው። መለካት የምንችለው ግን የታየንን ብቻ ነው። ጋላክሲ ሁሉ እንደ ኳስ ክብ ቢሆን ኖሮ ግድ አልነበረኝም። አይደለም። አንዱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፣ አንዱ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ። በአንድ በኩል ሲዞር ደምቆ ይታየናል፤ በሌላ በኩል ሲዞር ደብዝዞ ከቁጥር ይወጣል።»

«እንደየፈቃዳቸው የሚዞሩ ከሆነ ችግር የለውማ» አልኳት። ሜዳው ላይ የተማርኩትን መመለሴ ነው።

«እሱን ነው የምልህ! ግን እንደ ሰልፈኛው ቢሆኑስ? የሚሰበስባቸው ስበት ራሱ ቢያዞራቸውስ?»

«ያላደገው ያደገ፣ ያደገው ያላደገ ሊመስለን ነው።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ጂኦግራፊ እንዲህ የበሰለው!» ብላ ጀርባዬን መታችኝ። ከዚያ ድንገት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስትቀመጥ ማየት ብርቅ ነበር። «ሰልፉንስ ዞረን አየነው። ይሄንን ማን ይዞረዋል? እኛ ከመድረኩ፣ ከዚች ምድር፣ አንወርድም።»

በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ፤ ጓድ ታደሰ ነው። ልጆቹ ተነስተው ቆሙ፤ አንዳንዱ ሰሌዳ ፈልጎ ዙሪያውን ማየት ጀመረ። «ለሥራ አይደለም የመጣሁት» አለና ከኋላ ተቀመጠ። ፎቶዎቹን አየ፣ የምትለውን አዳመጠ። በመጨረሻ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። «ጓዲት፣ እነዚህስ ወደ የትኛው መድረክ ነው የዞሩት?»

አስቴር እስክትሞት ድረስ ይሄንን ጥያቄ ስታነሳ ትኖር ነበር፤ ፊዚክስ ያልተማረ ሰው ከጠየቃት ሁሉ ይሄ ይበልጥባታል። «ብዙ ወደተሰበሰቡበት ይመስለኛል» አለችው። «ይመስለኛል ነው ያልኩት።»

ያን ዓመት ቅዳሜያችን በዚህ አለፈ። የማዕዘን መለኪያ ይዘን፣ እያንዳንዱ ሞላላ ጋላክሲ ጫፉን ወዴት እንዳደረገ፣ ጎረቤቱስ በየት በኩል እንዳለ እንለካለን። ጓድ ታደሰ ሲለካ ምላሱን አውጥቶ ነው። እሱና እኔ አንዱን ጋላክሲ ለክተን ሳንስማማ ስንቀር ትመጣና፣ «ሁለታችሁም ማየት የፈለጋችሁትን ነው ያያችሁት» ብላ የትኛውን ፎቶ እንደምንለካ እንዳናውቅ አገላብጣ ትሰጠናለች። መጨረሻ ላይ ወደ ጎረቤታቸው ያጋደሉ የመሰሉ ነበሩ። ግን ፎቶው ጥቂት ነው፣ ዓይናችንም ጉጉ ነው። አስቴር በጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ገና አልታወቀም» ብላ ጻፈችና ሁላችንንም አስጨበጨበችን። ገና ላልታወቀ ነገር ሲጨበጨብ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ክረምት ላይ አዲስ አበባ ለመምህራን በተዘጋጀ ሴሚናር ይሄንኑ ተናገረች። አንድ ምሁር በትሕትና፣ «እርስዎ የሚሉት ነገር ቢኖር እንኳ ትንሽ ነው» አሏት። እሷም፣ «ትንሽነቱን አልክድም፤ ግን ወዲህና ወዲያ የሚል ትልቅ ስህተት ይሻለኛል፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ ከሚያጋድል ትንሽ ስህተት። የፊተኛው ብዙ ስንለካ እርስ በርሱ ይጣፋል። የኋለኛው ብዙ በለካን ቁጥር እርግጠኛ ሆነን እንድንሳሳት ያደርገናል» አለቻቸው። ምሁሩ ብዙ አሰቡና፣ «ይሄንንስ እኔም ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ» አሉ። ነቀምት ስትመለስ ይሄን የነገረችኝ ከአውቶቡስ ሳትወርድ፣ በመስኮት ነው።

ጓድ ታደሰ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ለከርሞው በዓል ገረመው መድረክ ላይ ቦታ ተሰጠው፤ ነገር ግን ዝናብ ጥሎ ፎቶው ተበላሸ። አስቴር ይሄንን ስትሰማ የሳቀችውን ሳቅ ባኬ ጃማ ድረስ ሰምተውታል። ኋላ እሷም ጊምቢ ተመደበች፤ እዚያው አስተምራ፣ እዚያው ጡረታ ወጣች።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ጊምቢ፣ እህቷ ቤት ነው። ዘመኑ ተለውጦ፣ ሁለታችንም አርጅተን፣ እኔ ላጽናናት የሄድኩ መስሎኝ ነበር፤ ጉልበቷ ታሞ እንደ ልቧ መዞር አቅቷት ነበርና። ሻይ እየጠጣን ስልክ ተደወለ። ከክበቡ ልጆች አንዱ፣ ቶለሳ፣ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሠራል። ዛሬ በትልልቅ የሰማይ መነጽሮች ጋላክሲ የሚቆጥሩ ሰዎች የእሷን ጥያቄ በቁም ነገር ይዘውታል፤ የጋላክሲዎች አቅጣጫ የስብስቡን እድገት ልኬት እንዴት እንደሚያዛባ እያሰሉ ያርማሉ ብሎ ነገራት። እኔ ትኮራለች ብዬ ስጠብቅ እሷ የጠየቀችው ሌላ ነው። «ጨረሱት እንዴ?» አለችው በስጋት። ገና ብዙ እንደሚቀር ሲነግራት ፊቷ በራ። ሻይዋ በረደ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆማት! የብርቱካን ልጣጭ፣ ማንኪያ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ እየደረደረች፣ የሚያጋድለው ነገር እድገቱን ሁልጊዜ አሳንሶ እንደሚያሳየን ስታስረዳኝ ወደ ነቀምት የሚመለሰው አውቶቡስ አመለጠኝ። እዚያው አደርኩ። ጠዋት ገና ሳልነሳ በሩ ተንኳኳ። በምርኩዝ ቆማለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊቷ እንደ ልጅ በርቶ፣ ወንድ ልጅ ተወለደ ብላ ልታበስር የመጣች ትመስላለች።

«ኦቦሌሳ፣ ተነስ! ትናንት የነገርኩህ ስህተት ነው! እንቁላሉ ጋላክሲ እድገቱን ሲያሳንስ ሰፌዱ ሊያጎላ ይችላል፤ እንደየዓይነታቸው ነው! ተነስ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ!»